በበረዶ ባሕር የሚሠራ የጭነት መርከብ ሲመረጥ፦ ደረጃው፣ አፍንጫው፣ ጅራቱ፣ ሞተሩ

በሰሜን ዋልታ ውኃ ላይ መርከብ ሲታዘዝ ገንዘብ የሚባክነው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ስለሚደባለቁ ነው፦ በረዶን መቋቋምና በረዶን መስበር። የበረዶ ደረጃ የሚባለው ቁጥር የሚናገረው በዋናነት ስለ መቋቋም ነው፤ ቀፎው፣ ፕሮፔለሩና መሪው የትኛውን በረዶ ሳይጎዱ እንደሚችሉት ይነግረናል። ያንኑ በረዶ ሰብሮ ማለፍ ግን የቅርጽና የጉልበት ጉዳይ ነው። ወፍራም ላሜራ ለብሶ ግማሽ ሜትር በረዶ ውስጥ ተገትሮ የሚቀር መርከብ ማሠራት በጣም ቀላል ነው። ወፍራም ቆዳ ያለው ሁሉ ጉልበተኛ አይደለምና።

ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች በዚህ ልዩነት እያየን እንሄዳለን። በጋና ክረምት የምንለው በሰሜኑ አቆጣጠር ነው፤ ክረምቱ ከኅዳር እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ላይ ያለው በረዶ የቱ ነው?

አማርኛ ሁሉንም «በረዶ» ብሎ ያልፈዋል፤ ለዚህ ሥራ ግን መለየት ግድ ነው። በመጸው የሚረጋው የዘንድሮ በረዶ በውስጡ ጨዋማ ውኃ ስለሚይዝ በአንጻሩ ለስላሳ ነው። ከ30 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስስ፣ እስከ 120 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ወፍራም ይባላል። ቢያንስ አንድ በጋ ሳይቀልጥ ያለፈው የከረመ በረዶ ደግሞ ጨዉ ተንጠፍጥፎ ስለወጣለት ይደነድናል፤ ብረት የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ነው። ሦስተኛው የወንዝ በረዶ ነው። በሩሲያ ሰሜን ባለው ዬኒሴይ ወንዝ ላይ ወደ ዱዲንካ ወደብ የሚወጣ መርከብ የሚያገኘው ጨው የሌለበት በረዶ በውፍረቱ ከባሕሩ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ በጥንካሬው ይበልጣል።

ከሁሉም የከፋው ግን ክምሩ ነው። ነፋስ ንጣፉን እያጋጨ ሲደራርበው ከላይ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ የሚሆን ጉብታ ይታያል፤ ከውኃው በታች ግን አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወርድ የተቆላለፈ ስብርባሪ አለ። በሽያጭ ጽሑፍ ላይ «1.5 ሜትር ይሰብራል» ሲባል ስለ ጠፍጣፋ ንጣፍ ነው። መርከብን የሚያቆመው ክምር በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለመርከብ ሠሪው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ክምር ሲገጥመው ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው።

የትኛው ደረጃ?

ሦስት ዓይነት ደረጃዎች ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የፊንላንድና የስዊድን ደንብ ለባልቲክ ባሕር የወጣ ነው፤ 1ሲ፣ 1ቢ፣ 1ኤ እና 1ኤ ሱፐር ይላል፤ የበረዶውንም ውፍረት በቅደም ተከተል 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሜትር አድርጎ ይወስዳል። ይህ ደንብ የሞተሩ ኃይል ከተወሰነ መጠን እንዳያንስም ይጠይቃል፦ መርከቡ ሌላ በረዶ ሰባሪ መርከብ በከፈተለት ስብርባሪ በሞላው መንገድ ላይ 5 ኖት (በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ) መሄድ አለበት። ልብ በሉ፣ ሌላ በከፈተለት ነው የሚለው። 1ኤ ሱፐር መርከብ ይዞ ብቻውን ከሩሲያ በስተሰሜን ባለው ካራ ባሕር ውስጥ በየካቲት የሚገባ ሰው ደንቡ ያላሰበውን እየሠራ ነው።

ዓለም አቀፉ የዋልታ ደረጃ ከፒሲ 1 እስከ ፒሲ 7 ይወርዳል። ፒሲ 7 በበጋና በመጸው በስስ የዘንድሮ በረዶ ለሚሄድ፣ ፒሲ 5 ዓመቱን ሙሉ በመካከለኛ፣ ፒሲ 4 ዓመቱን ሙሉ በወፍራም የዘንድሮ በረዶ ለሚሄድ ነው፤ በእነዚህ በረዶዎች መሐል የከረመ ቁራጭ ሊኖር እንደሚችል ታስቦበታል። ፒሲ 1 እና 2 ለጭነት ሥራ የሚታሰቡ አይደሉም፤ ብረቱ ራሱ ጭነቱን ይበላዋል። የሩሲያው ደንብ በበኩሉ ከአርክ 4 እስከ አርክ 9 ይቆጥራል፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ብርታቱ ይጨምራል፣ ከፒሲ በተቃራኒ ነው። አርክ 7ን ከፒሲ 7 ጋር አንድ አድርጎ ማሰብ ተራ ስሕተት ነው፤ በመሐላቸው ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው።

ዋጋው ላይ በጣም የሚከብደው ከፒሲ 5 ወደ ፒሲ 4፣ ከዚያ ወደ ፒሲ 3 መዝለል ነው። ለእኛ የሚታየን፣ መንገዱ የከረመ በረዶን በየጊዜው የማያገኝ ከሆነ ከፒሲ 4 በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ሞተር ላይ ቢውል ይሻላል። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዋልታ ሕግ ካፒቴኑ ፊቱ ያለውን በረዶ እንዲመዝን ይጠይቃል። ፖላሪስ በተባለው ስሌት ውኃው ከአሥር እጅ ስንቱ በየትኛው በረዶ እንደተሸፈነ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ለመርከቡ ደረጃ በተሰጠው ነጥብ ይባዛና ይደመራል። ድምሩ ከዜሮ ካላነሰ በተለመደው አሠራር ይኬዳል። እስከ 10 ድረስ ከዜሮ በታች ከወረደ የዋልታ ደረጃ ያለው መርከብ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሄዳል፤ ከፒሲ 3 እስከ ፒሲ 5 ላሉት 5 ኖት፣ ከዚያ በታች ላሉት 3 ኖት ይመከራል። 1ኤ እና መሰሎቹ ግን ይህ ማስተካከያ የላቸውም፤ ከዜሮ በታች ሲሆን የሚጠበቅባቸው ዞሮ መሄድ ነው።

አጃቢ ይዞ ወይስ ብቻውን?

ከሁሉም ምርጫዎች ዋጋውን ከሥሩ የሚወስነው ይህ ነው። አጃቢ ሰባሪ ካለ መርከቡ ርካሽ፣ ቀላልና ለክፍት ባሕር የተመቸ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ነገሮች ይመዘኑ።

አንደኛ ስፋት። ሰባሪው የሚከፍተው መንገድ ከራሱ ወርድ ብዙም አይበልጥም። አዲሶቹ የሩሲያ የኑክሌር ሰባሪዎች፣ እነ አርክቲካ፣ 34 ሜትር ስፋት አላቸው። 23 ሜትር የሆነ መርከብ በዚያ ውስጥ ተደላድሎ ይሄዳል። በሩሲያ ሰሜን ካለው የሳቤታ ወደብ ፈሳሽ ጋዝ የሚጭኑት ትልልቆቹ መርከቦች ግን 50 ሜትር ናቸው፤ ከሰባሪው ኋላ ቢሄዱ እንኳ በሁለቱም ጎን ስምንት ስምንት ሜትር በትከሻቸው ራሳቸው መስበር አለባቸው። መርከቡ በገዘፈ ቁጥር አጃቢ ላይ መደገፍ ትርጉም እያጣ ይሄዳል።

ሁለተኛ ርቀት። ነፋስ በረዶውን ሲገፋው የተከፈተው መንገድ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል፤ ስለዚህ ተከታዩ መቅረብ አለበት። ሲቀርብ ደግሞ ሰባሪው ክምር ላይ ድንገት ቀጥ ሲል ከኋላው ሄዶ ይላተማል። ከአጃቢ ጋር በሚሄዱ መርከቦች ላይ ከሚታዩ ጉዳቶች ይህ የታወቀ ነው። አንዳንድ ሰባሪዎች ተከታዩን አፍንጫውን በጅራታቸው ጎድጓዳ ውስጥ አስገብተው አስረው ይጎትታሉ፤ ከውኃ በታች እንደ ዱባ ወጣ ያለ አፍንጫ ያለው መርከብ ግን ለዚህ አይመችም።

ሦስተኛ ተራ መጠበቅ። በኅዳር 2021 በምሥራቅ ሳይቤሪያ ባሕር በረዶው ከተጠበቀው ቀድሞ ሲረጋ ወደ 20 የሚጠጉ መርከቦች ሰባሪ እየጠበቁ ቆመዋል። በ1983 በጥቅምት በቹክቺ ባሕር ኒና ሳጋይዳክ የተባለችው የሶቪየት የጭነት መርከብ ሰባሪዎች በአካባቢው እያሉ በበረዶ ግፊት ተጨፍልቃ ሰጥማለች።

ኖሪልስክ ኒኬል የተባለው የማዕድን ኩባንያ ይህን ስሌት ሠርቶ ወደ ሁለተኛው አማራጭ፣ ብቻውን ወደሚሄድ መርከብ፣ ሄደ። በ2006 በፊንላንድ የተሠራችውን ኖሪልስኪ ኒኬልን ሞከረ፤ ቀጥሎ በጀርመን አራት እኅቶቿን አሠራ። ከሙርማንስክ ዱዲንካ ያለ አጃቢ ይመላለሳሉ። ይህም ሆኖ ዓመቱ 12 ወር ሙሉ አይሠራበትም፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የዬኒሴይ በረዶ ሲነቀል ጎርፉ የወደቡን መደብ ስለሚያጥለቀልቅ ክሬኖቹ ወደ ከፍታ ይነሣሉ፣ ወደቡም ይዘጋል። የትኛውም መርከብ ይህን አይፈታውም፤ ዓመታዊ የጭነት ዕቅድ ሲሠራ እነዚህ ሳምንታት ከመጀመሪያው ይቀነሱ።

በካናዳ ላብራዶር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከቮይሲ ቤይ ማዕድን ማውጫ ኒኬል የምትጭነው ኡሚያክ 1 የተባለች መርከብ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር የተያያዘውን በረዶ ስትቆርጥ የአካባቢው ተወላጆች፣ የኢኑይት ሰዎች፣ በበረዶ ሞተር የሚሻገሩበትን መንገድ ትቆርጣለች። በዚህ ምክንያት የጉዞው ጊዜና መሥመር ከማኅበረሰቡ ጋር በስምምነት ተወስኗል፤ በተቆረጠው ላይም መሸጋገሪያ ይዘረጋል። ብቻውን የሚሄድ መርከብ ሲታቀድ ይህ ዓይነቱ ወጪም ይቆጠር።

አፍንጫው

ደረቅ ቂጣን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ጫፉን ወደታች መጫን ወዲያው ይሰብረዋል፤ ያንኑ ቂጣ ከጎኑ እየገፉ ለመጨፍለቅ ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የበረዶ ሰባሪ አፍንጫ ሚስጥሩ ይኸው ነው። የባሕር በረዶ ሲታጠፍ የሚሰበርበት ጥንካሬ በተለምዶ 500 ኪሎ ፓስካል ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሲጨፈለቅ ግን ብዙ እጥፍ ይቋቋማል። ስለዚህ አፍንጫው ከውኃው ወለል ጋር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ አጋድሎ በረዶው ላይ ይወጣና በክብደቱ ይሰብረዋል። ቀጥ ያለ አፍንጫ ግን ይጨፈልቃል፤ ናፍጣውን ይበላል፤ ኋላም ይቆማል።

የዚህ ቅርጽ ዕዳ በክፍት ባሕር ላይ ይታያል። የተጋደመው አፍንጫ በባሬንትስ ባሕር ማዕበል ላይ ሲወርድ በጥፊ ይመታል፣ ፍጥነት ይገደላል፣ ናፍጣው ይጨምራል። ኤምቪ አርክቲክ የተባለችው የካናዳ መርከብ በ1978 ተሠርታ በ1980ዎቹ አጋማሽ አፍንጫዋ ተቆርጦ ማንኪያ በሚመስል ሰፊ ቅርጽ ተተክቷል፤ በረዶ ላይ የነበራት አቅም ጨመረ። አፍንጫ በኋላ ሊቀየር እንደሚችል ጥሩ ማስረጃ ናት፤ ትከሻውና ጎኑ ግን አይቀየሩም።

ጎኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከትከሻ እስከ ጅራት ቀጥ ያለ ረጅም ግድግዳ ያለው መርከብ አፍንጫው በቀላሉ ቢያልፍ እንኳ በረዶው ሲጫን ጎኑን ይዞ ያስቀረዋል። መፍትሔዎቹ፦ ትከሻውን ከመሐሉ ጥቂት ማስፋት፣ ጎኑን ማጋደል፣ ከሥር አየር መንፋት፣ መርከቡን በባላስት (ሚዛን ለመጠበቅ ታንክ ውስጥ በሚሞላ ውኃ) ግራና ቀኝ ማወዛወዝ። ርካሹና የሚዘነጋው ደግሞ ቀለሙ ነው። ለበረዶ የተሠራው ወፍራም ኢፖክሲ ቀለም፣ ለምሳሌ ኢነርታ 160፣ ሲያልቅና ብረቱ ሲዝግ ሰበቃው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ሜጋ ዋት ገዝቶ ቀለም መቆጠብ ኪሳራ ነው።

ጅራቱ

በ1990ዎቹ ሞተሩ ከቀፎው በታች በተንጠለጠለ፣ 360 ዲግሪ በሚዞር ፖድ ውስጥ የገባላቸው የፊንላንድ ነዳጅ ጫኞች ወደ ኋላ ሲሄዱ በረዶን ከፊታቸው ይልቅ በቀላሉ እንደሚያልፉት ታየ። ከመካከላቸው ኡይኩ በ1997 በሩሲያ ሰሜን ዳርቻ የሚያልፈውን የሰሜኑን ባሕር መንገድ ዳር እስከ ዳር አቋርጣለች። ሐሳቡ ከዚያ ጠነከረ፦ አፍንጫው ለማዕበል፣ ጅራቱ ለበረዶ ይሠራ። ባለ ሁለት አቅጣጫ መርከብ የሚባለው ይህ ነው። በ2002 በጃፓን የተሠራችው 106,000 ቶን የምትጭነው ቴምፔራ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያዋ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ ሆነች።

ክምር ሲገጥም ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአፍንጫው የሚሄድ መርከብ ተንደርድሮ ይገባል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት የመርከብ ርዝመት ይመለሳል፣ እንደገና ይንደረደራል። ባለ ፖዱ ዞሮ ጅራቱን ለክምሩ ይሰጣል። ፕሮፔለሩ ከበረዶው ሥር ውኃውን ስቦ ድጋፉን ያሳጣዋል፣ ከውኃ በታች ያለውን የተቆላለፈ ስብርባሪ እየፈጨ ያራግፈዋል፣ የሚተፋውም ውኃ በቀፎው ጎን እየፈሰሰ ሰበቃውን ይቀንሳል። ካፒቴኑ ፖዱን በጥቂት ዲግሪ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ መንገዱን ያሰፋል። ፍጥነቱ ከአንድ ኖት ሊያንስ ይችላል፤ ግን አይቆምም። ከውጭ ለሚያየው የሚሠራ አይመስልም፤ ሰዓት ይዞ ለሚቆጥረው ግን ከመንደርደሩ ቀድሞ ይወጣል።

ዕዳውስ? ፖድ ውድ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ተተኪ የለውም፤ ኩሽኔታው ወይም የውኃ መከላከያው ከተበላሸ ወደ ደረቅ መትከያ (መርከብ ከውኃ ወጥቶ ወደሚጠገንበት ቦታ) መግባት ግድ ነው፣ ያም ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። የመሪ ክፍሉ ሁለት አቅጣጫ የሚያይ፣ ሁለት የመቆጣጠሪያ ገበታ ያለው መሆን አለበት። ጠባብ መንገድ ላይ 170 ሜትር መርከብ ዞሮ ለመመለስም ቦታ ይፈልጋል። ፖድ የሌለው ተራ መርከብ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው ካልቀና ሊታጠፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከመሪው ኋላ በረዶ የሚከፍል የብረት ጥርስ ይበየድለታል። ጥርሱ የሌለው መርከብ በበረዶ ውስጥ ወደ ኋላ ባይሄድ ይመረጣል።

ሞተሩ

| መርከብ | ዘመን | ጭነት | የመግፊያ ኃይል | የሚሰብረው ንጣፍ |
|---|---|---|---|---|
| ኤስኤ-15 ዓይነት (19 የሶቪየት የጭነት መርከቦች) | 1982–1987 | 20,000 ቶን ገደማ | 15.4 ሜጋ ዋት | 1 ሜትር |
| ኖሪልስኪ ኒኬል | 2006 | 14,500 ቶን ገደማ | 13 ሜጋ ዋት | 1.5 ሜትር |
| ኡሚያክ 1 | 2006 | 32,000 ቶን ገደማ | 22 ሜጋ ዋት ገደማ | 1.5 ሜትር |
| ክሪስቶፍ ደ ማርዤሪ | 2017 | 172,600 ሜትር ኩብ ጋዝ | 45 ሜጋ ዋት | 2.1 ሜትር በጅራቱ |

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች እናስተያይ። ወርዳቸው ተቀራራቢ ነው፤ 24.5 እና 23.1 ሜትር። አዲሲቱ ባነሰ ኃይል ግማሽ ሜትር የበለጠ ትሰብራለች። ያ ልዩነት ከቅርጽና ከኃይል አቀባበል የመጣ ነው።

ሦስቱን አማራጮች ለመለየት አንድ ቅጽበት በቅርብ ማየት ይበቃል፤ የበረዶ ድንጋይ በፕሮፔለሩ ጥርስ መሐል ሲገባ። ዙሩ ድንገት ይወርዳል፣ ሻፍቱ ላይ ያለው የመጠምዘዝ ጫና ይጨምራል። ከፕሮፔለሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ትልቅ ቀርፋፋ ናፍጣ ሞተር ከሆነ ዙሩ ሲወርድ የሚነፋለት አየርም ያንሳል፤ አየር ሲያንስ ጉልበት ያንሳል፤ ጉልበቱ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ኡሚያክ 1ና ኑናቪክ የተባለች ሌላ የጭነት መርከብ ይህን መንገድ መርጠው ችግሩን በትልቅ የኃይል መጠባበቂያ ይሸፍኑታል። እንዲህ ላለው ሞተር የጥርሱን አንግል ዙሩ ሳይወድቅ የሚቀንስ ፕሮፔለር ይገጠማል። ትርፋቸው ቀላልነት ነው፤ ረጅም ክፍት ባሕር ላይ ናፍጣ ይቆጥባሉ፣ ማንኛውም ወደብ ያለ መካኒክ ያውቃቸዋል። ኑናቪክ በመስከረም 2014 ከሰሜን ኬቤክ ኒኬል ጭና ያለ አጃቢ በካናዳ ሰሜን በኩል ባለው የሰሜን ምዕራቡ መተላለፊያ ወደ ቻይና የሄደችው በዚህ አሠራር ነው።

ኤስኤ-15ዎች ሁለት መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው ሞተሮችን በካምቢዮ አንድ ፕሮፔለር ላይ አገናኝተው በመሐል በፈሳሽ የሚሠራ ፍሪሲዮን አስገቡ። በረዶው ሲመታ ፈሳሹ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ አይጠፋም። የተንሸራተተው ግን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከባድ በረዶ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ዘይቱን ማቀዝቀዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ መግፊያ ፕሮፔለሩ ሊቆም ቢቃረብም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ጄኔሬተሮቹ በረዶው መምታቱን እምብዛም አያውቁትም። በምላሹ ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ወደ ዙር ሲቀየር ከመቶ ስምንት እስከ አሥር የሚሆነው ይባክናል። መርከቡ ከዓመቱ አብዛኛውን በክፍት ውኃ የሚሄድ ከሆነ ይህ ብክነት ይቆረቁራል፤ አብዛኛውን በበረዶ የሚሄድ ከሆነ ግን ምንም አይደለም።

ኑክሌርን ለጭነት መርከብ አንመክርም። በ1988 የተሠራችው ሴቭሞርፑት ለአሥርታት ሥራ ስትፈልግ ኖራለች፤ ብዙ ወደቦች አይቀበሏትም ነበር። በ2020 ወደ አንታርክቲካ ስትሄድ ከአንጎላ ዳርቻ ፕሮፔለሯ ተጎዳ፤ ጠላቂዎች ሚዛኑን ለማስተካከል ትይዩውን ጥርስ አንሥተው በቀስታ ወደ ሩሲያ ተመለሰች። ሬአክተሩ ሳይበላሽ ጉዞውን ያስቀረው ጥርስ ነው።

ስለዚህ የትኛውም ሞተር ይመረጥ፣ መሰበር ካለበት መጀመሪያ ጥርሱ ይሰበር፤ ሻፍቱ ከጥርሱ፣ ኩሽኔታው ከሻፍቱ ይበርታ። ጥርሶቹ ከማይዝግ ብረት፣ በቡሎን የሚፈቱ ይሁኑ፤ ትርፍ ጥርስ መርከቡ ላይ ይጫን።

ብረቱ

አጭር ነው። በበረዶ ቀበቶው (በረዶው በሚነካው የቀፎ ክፍል) ላይ ጎድኖቹ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይራራቁ፤ ተራ መርከብ ላይ የዚያ እጥፍ ነው። ለብርዱ በ−40 ዲግሪ የተፈተነ ኢ ወይም በ−60 የተፈተነ ኤፍ ብረት ይታዘዝ። ብየዳው ቀለሙ ከተላጠ በኋላ ከላሜራው ቀድሞ ይበላል፤ በየደረቅ መትከያው ይታይ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቀበቶው የሚሠራው በሁለት የውኃ መሥመሮች መሐል ብቻ ነው። መርከቡ ባዶ ሲመለስ ከታችኛው መሥመር በላይ ከተነሣ በረዶው ያልጠነከረውን ብረትና የፕሮፔለሩን ጫፍ ያገኛል፤ የባላስት ታንኩ መጠን ይህን ታስቦ ይቆረጥ፣ ከውኃ መሥመር በላይ ያሉት ታንኮችም እንዳይረጉ ማሞቂያ ወይም የአየር መንፊያ ይኑራቸው።

ትንሹ ሳጥን

የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበት፣ ከቀፎው ሥር ያለው ሳጥን ከመርከቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ መርከብን ግን ያቆማል። ባሕሩ −1.8 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፓምፑ የሚስበው ውኃ ሳይሆን የበረዶ ገንፎ ይሆናል። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ መብራት ይጠፋል። ሰባሪ መርከብ ያለ መብራት በበረዶ መሐል ብረት ብቻ ነው።

የባልቲኩ ደንብ ጥሩ ልክ ይሰጣል፦ ረዳቶቹን ጨምሮ ለእያንዳንዱ 750 ኪሎ ዋት የሞተር ኃይል አንድ ሜትር ኩብ። በድምሩ 18 ሜጋ ዋት ላለው መርከብ 24 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሳጥኑ ቁመት ይኑረው፣ በረዶው ከመሳቢያው ቱቦ በላይ ተንሳፍፎ እንዲቀር፤ ከመርከቡ መሐል መሥመር አጠገብና ወደ ጅራቱ ይሁን፤ የማጣሪያው ክፍት ቦታ ከቱቦው ስፋት አራት እጥፍ አይነስ። የሞቀው ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳጥኑ የሚመለስበት ቱቦ ይዘርጋ። ሥዕሉ ላይ የሚታየው የተለመደ ስሕተት ይህ ቱቦ ቀጥኖ መሳሉ ነው፤ በሙከራ ጊዜ በሞቃት ባሕር ላይ ማንም አያስተውለውም። ከባሕር ዳር ተመርቀው በውጭ መርከቦች የሞተር ክፍል የሚሠሩ ልጆቻችን ቢላኩበት መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ቱቦ ቢሆን ደግ ነው።

ውሉ

«1.5 ሜትር በረዶ ይሰብራል» የሚል ውል ክርክር ይወልዳል። እንዲህ ይጻፍ፦ 1.5 ሜትር ጠፍጣፋ ንጣፍ፣ 500 ኪሎ ፓስካል የመታጠፍ ጥንካሬ፣ ላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሰማይ የወረደ ደቃቅ በረዶ፣ በስንት ኖት፣ በስንት ሜጋ ዋት፣ በአፍንጫ ወይስ በጅራት። ያ ላዩ ላይ ያለው ደቃቅ በረዶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ቀፎውን ይይዛል። ብረት ከመቆረጡ በፊት ሞዴሉ ሄልሲንኪ ባለው አከር አርክቲክ ወይም ሐምቡርግ ባለው የበረዶ ገንዳ ይፈተን፤ ፈተናው ክምርን፣ መዞርንና ወደ ኋላ መሄድን ይጨምር። መርከቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ በእውነተኛ በረዶ ላይ ይፈተሽ፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ ጋር ይታሰር።

ነዳጁም ውል ውስጥ ይግባ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአርክቲክ ከባዱን ጥቁር ነዳጅ መጠቀምና ለነዳጅነት መያዝ ተከልክሏል፤ እስከ 2029 የሚቆዩ ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩም አዲስ መርከብ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ አይታዘዝም።

እና የትኛው ይታዘዝ?

ለባልቲክ ብቻ ከሆነ 1ኤ ወይም 1ኤ ሱፐር፣ ተራ ሞተር፣ አጃቢ። ከዚያ በላይ መክፈል ቅንጦት ነው። ለካራ ባሕርና ለዬኒሴይ ዓመቱን ሙሉ፣ ክምር በበዛበት፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ ከፖድ ጋር፤ በሁለት ፖድ ቢሆን እንመርጣለን፣ ጭነቱ ዋጋውን የሚችል ከሆነ። ለላብራዶርና ለሰሜን ኬቤክ፣ ወደ አውሮፓ ረጅም ክፍት ባሕር ላለበት፣ ፒሲ 4 እና ቀጥተኛ ቀርፋፋ ሞተር።

በበጋ ብቻ በሰሜኑ መንገድ ለማለፍ ግን ሰባሪ መርከብ አያሠሩ። ፒሲ 7 ወይም 1ኤ የሆነ ተራ መርከብ ይከራዩና ውሉ ውስጥ መርከቡ ምሥራቅ ሳይቤሪያ ባሕርን ለቆ የሚወጣበትን ቀን በቁጥር ያስገቡ፤ ጭነቱ ቢዘገይ እንኳ ቀኑ እንዳይገፋ።